የመስኮቱ ጠረጴዛ

አርዲስ ክቫም ለአዲስ ገቢዎች የምትሰጠው የመጀመሪያ ምክር ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ መኪናችሁ ላይ የሆነ ነገር እሰሩ። በቀይ ኮረብታ የጡረተኞች መንደር ሁሉም ሰው የሚነዳት ትንሿ የጎልፍ መኪና ነጭ ናት፤ ሁሉም የተገዛችው ከአንድ ነጋዴ ነው፤ የአንዷ ቁልፍ ሌላዋን ያስነሳል። ከራት በኋላ አዳራሹ በር ላይ ተደርድረው ሲቆሙ አንዷን ከሌላዋ መለየት አይቻልም። ሰው የጎረቤቱን መኪና ነድቶ ቤቱ ይደርስና ወንበሩ ላይ የማያውቀውን መነጽር ያገኛል። ይደዋወላሉ፤ በማግስቱ ይሳቅበታል። አርዲስ ግን ያ ሳቅ እስከምን ድረስ እንደሚሄድ ታውቅ ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ ቀልድ ነው። በሁለተኛው ሰዎቹ እየሳቁ እርስ በርስ ይተያያሉ። በሦስተኛው ማንም አይስቅም፤ አንዷ ተነስታ ለመንደሩ ቢሮ ትናገራለች።

አርዲስ በራሷ መኪና የኋላ ብረት ላይ ያሰረችው ብርቱካናማ ጨርቅ ነበር። ባሏ ቨርሊን ሚኔሶታ ሳሉ አጋዘን ሲያድን ከሚለብሰው ሰደርያ ላይ የተቆረጠ ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው እንኳ ከሩቅ ያየዋል።

የተወለደችው በምዕራብ ሚኔሶታ፣ ላም በሚታለብበት እርሻ ላይ ነው። ዕድሜዋን የፈጀችው በአንዲት ትንሽ ከተማ የእህል ጎተራ ሚዛን ላይ ነው፤ በቆሎና አኩሪ አተር የጫኑ መኪኖች ሲገቡ አንድ ጊዜ፣ አራግፈው ሲወጡ አንድ ጊዜ ትመዝናለች። ሲገቡ መሪው ላይ ተቀምጠው፣ ሲወጡ ወርደው፣ የራሳቸውን ክብደት በበቆሎ ዋጋ ሊሸጡ የሚሞክሩ ገበሬዎች ነበሩ። አርዲስ አትከራከራቸውም። መስኮቷን ከፍታ እያየቻቸው ዝም ትላለች፤ ተመልሰው መሪው ላይ እስኪቀመጡ። ቨርሊን የማለቢያ ማሽን ጠጋኝ ነበር። አንድ ክረምት በረዶ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ በዚያው ዓመት ቤታቸው ተሸጠ፤ ልጃቸው በረዶ የማይዘንብበትን ቦታ ፈልጋ አሪዞና በረሃ ላይ አወረደቻቸው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት አርዲስ መጋረጃዋን ዘግታ አሳለፈች። ከዚያ ወጣችና ቦታውን እንደ ሚዛኗ አጠናችው። ውሎ አድሮ ቢሮው አዲስ የሚገቡትን እየላከ እሷ እንድታለማምዳቸው ማድረግ ጀመረ። የምትመክረው ሁሉ ይሠራ ነበር። ትልቁን የምግብ ጠረጴዛችሁን አታምጡ፤ በሩ አያስገባውም፣ ልጆቻችሁም አይፈልጉትም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ብትጠሉትም፣ ጠዋት ጠዋት የመዋኛውን ስፖርት ግቡ፤ ውሃ ውስጥ ያላዩት ሰው ታሟል ይባላል። ሐሙስ ሐሙስ ሁሉም ምግብ ይዞ ሲመጣ የሳህናችሁ ሥር ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስማችሁን ጻፉ። ራት አዳራሽ ውስጥ ባዶ ወንበር ስታዩ አትቀመጡ፤ ባዶ አይደለም። ከዘራ የምትይዙ ከሆነ ለአንድ ወር ያህል ቤት ተዉት። የመጀመሪያውን ዓመት በማንም ጉዳይ አትግቡ። ከሁሉም በላይ ግን ማዶ ስለሄደ ሰው አትጠይቁ።

መንደሩ መሃሉ ላይ ሰው ሠራሽ ኩሬ አለው። ውሃው ከመንደሩ ሽንት ቤት ወጥቶ የተጣራ ነው፤ በሙቀቱ ወራት አረንጓዴ ሆኖ ይገማል፤ ዳክዬዎቹ ዳሩን ኩስ በኩስ አድርገውታል። በኩሬው በዚህ በኩል ትንንሽ ቤቶች አሉ። ሰው በቤቱ ይኖራል፣ በመኪናው ይመጣል፣ ራቱን በትልቁ አዳራሽ ይበላል። በወዲያኛው በኩል ያው ቀይ ጣሪያ ያለው ረጅም ሕንፃ ቆሟል፤ በሩ ከውስጥ አይከፈትም። መግቢያው ላይ የተጻፈው ስም የሚያምር ነው፤ እኛ ግን ማዶ ነው የምንለው። ማዶ የተወሰደ ሰው ከአዳራሹ መስኮት ይታያል፤ ቀን ቀን አትክልቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ አንዳንዱ እጁን ያወዛውዛል። ከዚህ በኩል የሚመልስለት የለም። ወንበሩ በዚያው ሳምንት ለሌላ ይሰጣል፤ ስሙም ከራት ወሬ ይወጣል። ለዓመታት አብረውት ካርታ የተጫወቱ ሰዎች፣ ሾርባ የነካው አገጫቸውን እየጠረጉ፣ የተረፈውን ዓሣ በወረቀት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ፣ ወንበሩ ለማን እንደሚገባ ይከራከራሉ።

አርዲስም ከእነሱ የተለየች አልነበረችም። መዋኛው ውስጥ ሁልጊዜ አጠገቧ የምትቆም ኢሌን ቶርቪክ የምትባል ወዳጅ ነበረቻት። ኢሌን ማዶ በሄደች ጊዜ አርዲስ ሙቀቱ በረድ ሲል እጠይቃታለሁ አለች። ሙቀቱ በረደ። አልሄደችም።

ከዚያ ቨርሊን መድከም ጀመረ።

መጀመሪያ የጠፋው የመሣሪያዎቹ ስም ነበር፤ ቀጥሎ የልጅ ልጆቹ፤ ቀጥሎ ቀኑ። ሸሚዙን ገልብጦ ይለብሳል፤ ሽንት ቤቱን ፈልጎ የጓዳውን በር ይከፍታል። አርዲስ ለማንም አልተናገረችም። የሚፈራውን ነገር ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ነርሷ መጥታ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ መልሱን ካላወቀ ማዶ ይወሰዳል። እዚያ አልጋው ለአንድ ሰው ነው። ከተጋቡ ጀምሮ ለየብቻ ያደሩት ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ቨርሊን አሁንም በእንቅልፉ እጇን ፈልጎ ካላገኘ ተነስቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ ደበቀችው። ራት ላይ ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ጀርባውን ወደ ሕዝቡ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ምግቡን እሷ ታዝዛለታለች። «ድሮስ መቼ አሳብ ኖሮት ያውቃል» ትላለች፤ አስተናጋጇ ትስቃለች። ሥጋውን ከራሷ ሳህን ላይ ቆራርጣ ታቀብለዋለች። ደግነቱ ቨርሊን በጤናውም ቢሆን ከሦስት ንግግር በላይ አያውቅም ነበር፤ «እንግዲህ»፣ «ምንም አይልም»፣ «ከዚህ የባሰም አለ»። ስለ አየሩ ቢጠይቁት፣ ስለ ምርጫው ቢጠይቁት፣ ስለ ጎረቤት ሞት ቢጠይቁት ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። ለሚኔሶታ ሰው ይሄ ሙሉ ጨዋታ ነው። ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም።

የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ግን መጥፎ ጠረጴዛ ነበር፤ ሁሉም የሚፈልገው። መስኮቱ አጠገብ ነው፤ ማታ ማታ ተራራው ሲቀላ ይታያል። ከአራቱ ወንበሮች ሁለቱ ከፋሲካ ወዲህ ባዶ ናቸው። ለማን ይሰጥ በሚለው የወንበር ኮሚቴው ተጣልቶ ሳይወስን ቆይቷል። ክቫሞች ቢነሱ ጠረጴዛው በሙሉ ይለቀቃል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ማርሊስ ዱፌክ ነበረች፤ ዊስኮንሲን ውስጥ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆና የኖረች፣ ስታነጋግር የሰውን ዓይን ሳይሆን አፉን የምታይ ሴት። ፀጉሯ ዘወትር የተሠራ፣ ልብሷ የተተኮሰ ነው። ባሏ ዱዌይን እዚህ ከመምጣታቸው በፊት ሞቷል። ለቢሮው ከሚነገረው አብዛኛው የሚነገረው በእሷ አፍ ነው። «ለራሳቸው ብዬ ነው» ትላለች። ኢሌንንም የተናገረችባት እሷ ናት።

የሆነው በአንድ ሐሙስ ነው። በላን፤ ጎድጓዳ ሳህኖቹ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ፤ በድንችና በተፈጨ ሥጋ ላይ የነበረው አይብ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተነሣ። አርዲስ ሳህኗን ለማራገፍ ወጥ ቤት ገባች። ቨርሊንን ኮትህን ልበስና ጠብቀኝ ብላ ወንበሩ ላይ ትታው ነበር። ስትመለስ የለም። በረንዳው ላይ የቆሙት ሰዎች ወደ ኩሬው እያዩ ነበር። የማርሊስ መኪና፣ መሪዋ ላይ የላስቲክ ጽጌረዳ የተጠመጠመባት፣ የፊት ጎማዎቿ አረንጓዴው ውሃ ውስጥ ገብተው ቆማለች። ቨርሊን እግሩ ውሃው ውስጥ ሆኖ መሪውን ይዟል። የሚንቀሳቀስ የለም። አንዱ ሰውዬ በስልኩ ፎቶ ያነሳል።

አርዲስ በዳክዬው ኩስ ላይ እየተንሸራተተች ወርዳ እጁን ያዘችው።

«እንግዲህ» አላት ቨርሊን። ጫማው እስኪሞላ ድረስ በዚያ ውሃ ተነክሮ፣ ሱሪው እግሩ ላይ ተጣብቆ፣ ወደ ላይ አወጣችው። ሽታው ሦስት ቀን ከቤቱ አልወጣም።

በማግስቱ ማርሊስ ነገሩን በሙሉ አሰናድታ ጨርሳ ነበር። ቨርሊን መኪናዋን ሰርቆ ኩሬ ውስጥ ከተታት፤ እሷ ያለ መኪና ስትቀር የክቫሞችን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ጠዋት በሰላም መለሰችላቸው። ለቢሮው እንዲህ ተናገረች። በረንዳው ላይ የነበሩት ሁሉ እንዲሁ ነው አሉ። ነርሷ ለአርዲስ ደወለች። ልጅ እግር ናት፤ ድምጿ ለስላሳ ነው። «ወይዘሮ ክቫም፣ ሰኞ ጠዋት አቶ ቨርሊንን ትንሽ ላናግራቸው እመጣለሁ። ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው፤ እርስዎም አይጨነቁ» አለቻት።

በዚያን ቀን ራት ላይ ሁለት ሴቶች ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ መጥተው አርዲስን አይዞሽ አሏት። አንደኛዋ እያጽናናቻት በመዳፏ ባዶውን ወንበር ትዳብሰው ነበር፤ ጨርቁ ንጹሕ መሆኑን እንደሚያይ ሰው።

ቨርሊን ግን በሦስቱ ላይ አራተኛ ንግግር አምጥቶ ነበር። «ቦታው ባዶ ነው» ይላል። ሲያለብሱት፣ ሲያበሉት፣ አልጋ ላይ ሲያወጡት፣ «ቦታው ባዶ ነው»። አርዲስ ማዶን የሚል መስሏት ጆሮዋን ደፈነች።

ቅዳሜ ኮሪን የምትባል አዲስ ገቢ ልትጠይቃት መጣች። ከኦሪገን ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ሽጣ ከገባች ወር አልሞላትም። አርዲስ በረዶ የገባበት ሻይ ቀዳችላት። ስለ ሙቀቱ አወሩ፤ ቨርሊን «ምንም አይልም» አለ። ከዚያ ኮሪን ብርጭቆዋን አስቀመጠችና አንድ ያልገባት ነገር እንዳለ ተናገረች።

«ቀድማ የሄደችው እኮ ያንቺዋ መኪና ናት» አለች። «ጨርቅ እሰሩ ስላልሽን ስወጣ ሁሌ ጨርቅ ነው የማየው። ብርቱካናማዋን ማርሊስ ናት የነዳቻት።»

«ቨርሊን ከመውጣቱ በፊት?»

«ኧረ እሱ ገና ኮቱን እየለበሰ ነበር። በረንዳው ላይ የነበርነው ሁላችንም አይተናታል። አንዷማ እንዲያውም ‹ዛሬ ደግሞ ጨርቅ አማራት› ብላ ሳቀች።»

አርዲስ ባሏን አየችው። ወጥቶ መኪናውን ሁልጊዜ በሚቆምበት ሲፈልግ ቦታው ባዶ ሆኖበታል። አጠገቧ የቆመችው መኪና ላይ ወጥቷል። ቁልፉ ይሠራል። ከዓመት ወዲህ ቨርሊን ያየውን ነገር በትክክል የተናገረው አሁን ነበር፤ እሷ ደግሞ አልሰማችውም።

«ይሄንን ለቢሮው ትነግሪልኛለሽ?» አለች ኮሪንን።

ኮሪን ብርጭቆው ውስጥ የሚሟሟውን በረዶ አየች። ፊቷ ቀላ። «አርዲስዬ፣ አንቺው እኮ ነሽ ያልሽኝ» አለች። «የመጀመሪያውን ዓመት በማንም ጉዳይ እንዳትገቢ ብለሽኛል።»

ሻይዋን ጨርሳ ሄደች። በሩ ላይ አርዲስን አቀፈቻት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አርዲስ ቨርሊንን አስተኝታ ወደ ማርሊስ ቤት በእግሯ ሄደች። የማርሊስን ቤት ውስጡን ያየ ሰው የለም፤ እንግዳ የምትቀበለው ደጅ ላይ ነው። ደወሉን ስትደውል ማርሊስ በሩን ፊቷ እስኪታይ ብቻ ከፈተች። ፀጉሯ ተሠርቷል፤ ከንፈሯ ተቀብቷል።

«ተኝቼ ነበር። ነገ ነይ» አለቻት።

አርዲስ አልሄደችም። ደረጃው ላይ ቆማ አየቻት። ሚዛኑ ላይ እንደቆሙት ገበሬዎች፣ ዝም ብላ ጠበቀቻት። ማርሊስ ስለ ሙቀቱ ተናገረች፤ ስለ መኪናዋ ጎማ ተናገረች፤ ደግማ ስለ ሙቀቱ ተናገረች። በመጨረሻ የያዘችውን በር ለቀቀችው።

ሽታው አርዲስን አፏ ላይ መታት። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ማቀዝቀዣው ይጮሃል። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ሳህኖቹን አየች። በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ወንበሮቹ ላይ፣ ምድጃው ውስጥ፣ የመታጠቢያው ገንዳ ውስጥ፣ ከሐሙስ ሐሙስ የመጡ ጎድጓዳ ሳህኖች ተደራርበዋል። የሰው ሳህን ነው ሁሉም። ማርሊስ አጥቤ እመልሳለሁ እያለች ስትወስድ የኖረችው ነው። ውስጣቸው ያለው ምግብ አንዳንዱ ደርቋል፤ አንዳንዱ ሻግቶ አረንጓዴ ጠጉር አብቅሏል፤ አንዱ ውስጥ የነበረው የዶሮ መረቅ ከላዩ ቆዳ ሠርቶ ሥሩ ይንቀሳቀሳል። ዝንቦቹ ሰው ሲገባ እንኳ አልተነሱም።

አርዲስ ቅርቧ ያለውን ሰማያዊ ሳህን አንስታ ገለበጠችው። ሥሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የራሷ ነበር፤ ከገና ጀምሮ የፈለገችው ሳህን ነው። ቀጥሎ ያለውን ገለበጠችው። ኢሌን ቶርቪክ፣ ይላል።

«ልመልሳቸው ነበር» አለች ማርሊስ። «የማን የማን እንደሆኑ ነው የጠፋኝ።»

«ከሥሩ ተጽፏል እኮ፣ ማርሊስ።»

ማርሊስ አጎንብሳ ፕላስተሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ይህንን ፕላስተር ከአርዲስ በፊት ለአዲስ ገቢ ሁሉ ስትሰብክ የኖረች ሴት ናት። «ከሥሩ?» አለች፤ አዲስ ጥሩ አሳብ እንደሰማ ሰው።

ቀና ስትል ግን ፊቷ ተለውጦ ነበር። ማን እንደላካት አርዲስን ጠየቀቻት። ቤቴን ልትሰልይ ነው የመጣሽው አለቻት፤ ወጥተሽ ሂጂ አለቻት።

«ማንም አልላከኝም» አለች አርዲስ። «መኪናዬን ቀድመሽ የወሰድሽው አንቺ ነሽ። በረንዳው ሙሉ ሰው አይቶሻል።»

«ውሸት ነው። ባልሽ ነው ያበደው።»

«ባሌ ደክሟል። አንቺም ደክመሻል። ነርሷ ነገ ለእሱ ትመጣለች። ማክሰኞ ላንቺ እንድትመጣ ማድረግ እችላለሁ፤ ይሄንን በር ከፍቼ መተው ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።»

ማርሊስ ወንበር ፈለገች፤ ሁሉም ላይ ሳህን አለ። አንዱን ከነምግቡ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የተተኮሰው ቀሚሷ ላይ አንድ ነገር ፈሰሰ፤ አላየችውም።

«ማዶ አትላኪኝ፣ አርዲስ» አለች። «ስንቱን እኔ እንደላክሁ ታውቂያለሽ። እዚያ ሲያዩኝ ምን ይሉኛል?»

አርዲስ በኋላ ራሷ እስክትነግረኝ ድረስ፣ እዚያ ቆማ ያዘነችላት ይመስለኝ ነበር። አላዘነችላትም። ሁሉም ነበር ያስጠላት፤ ሳህኖቹም፣ ማርሊስም፣ ራሷ ልትናገር ያለችውም። ቢሆንም ተናገረች። ማርሊስ ነገ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት ሄዳ ምን እንደምትል ነገረቻት። የመኪናዋ ፍሬን ከድሮም አይዝም ነበር፤ ቨርሊንን ንዳልኝ ያለችው ራሷ ናት፤ መኪናም የተለዋወጡት ተነጋግረው ነው፤ ዓርብ ዕለት ደንግጣ ሌላ ተናገረች። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለም። አስደገመቻት። ማርሊስ ፍሬኑን ረሳችው። እንደገና አስደገመቻት። ቨርሊንን ሦስቱን ንግግሮቹን እንዳይስት እንደምታስጠናው፣ በዚያ ሽታ መሃል አስጠናቻት።

«እኔስ?» አለች ማርሊስ ሲጨርሱ። «እነዚያ ሴቶች እኮ ማታ ማታ ይፈትኑኛል። ትናንት ምን በላሽ ይሉኛል፤ ከዚያ ይተያያሉ። ድሮ እኔ የማደርገውን ነው የሚያደርጉኝ።»

አርዲስ መልስ ከመስጠቷ በፊት የቧንቧውን ውሃ ከፈተች። «ከእኛ ጋር ትበያለሽ» አለቻት፤ ጀርባዋን ሰጥታ።

ሳህኖቹን እስኪመሽ አጠበች። የተነቀለውን ቆሻሻ በድርብ ላስቲክ አሰረች። ፎጣ አልብሳ ከኩሬው ተጎትታ በወጣችው የማርሊስ መኪና ጭና፣ ሰዎች ራት ላይ ሳሉ በየደጃፋቸው አስቀመጠች፤ ሁሉም ከራት ተመልሶ ሳህኑን ሲያገኝ ማን እንደመለሰለት ሳይጠይቅ አስገባ። አንዱ ብቻ ቀረ። የኢሌን ሳህን። የኢሌን ደጃፍ ኩሬውን ተሻግሮ ነው፤ በሩን ማስከፈት፣ ስም ማስመዝገብ፣ ፊት ለፊት መቀመጥ አለበት። አርዲስ የማርሊስ መኪና ውስጥ ሆና ሕንፃውን አየችው። ከዚያ ወደ አዳራሹ ጓሮ ዞረችና ሳህኑን ትልቁ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለችው። ሲሰበር ተሰማ።

ሰኞ ማርሊስ ፍሬኑን አልረሳችም። ነርሷ ደውላ መምጣቷ እንደቀረ ነገረች፤ እንኳን ደስ ያለዎት ያለች ያህል ነበር ድምጿ። ነገሩ እስከ ቀትር መዋኛው ውስጥ ተዳረሰ። ውሃው ውስጥ የቆሙት ሴቶች ቅሬታቸውን አልሸሸጉም፤ አንዷ የመስኮቱ ወንበር እንደሚደርሳት ለልጇ ሳይቀር ነግራት ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ከክቫሞች አነሱና ማርሊስ ላይ አሳረፉ። ሰው ሲራብ ከአንድ ሳህን ወደ ሌላ እንደሚዞረው ነው የዞሩት። ደንግጣ ነው መቼም፣ አሉ። ማርሊስ ደግሞ መቼ ነው የምትደነግጠው፣ አሉ።

በዚያው ሳምንት ማርሊስ በኮሚቴዋ ሥልጣን ራሷን ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ አዛወረች። ማንም ለመቃወም ድፍረት አላገኘም። አሁን በየምሽቱ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ቨርሊን ወደ ተራራው ያያል። ማርሊስ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ከንፈሯን ተቀብታ፣ ወደ አርዲስ አፍ ታያለች፤ የሚጠይቋትን ነገር መልስ ከዚያ ትጠብቃለች። አርዲስ ለሦስቱም ታዝዛለች። የሁለቱን ሥጋ ትቆርጣለች፤ የማርሊስን በናፕኪን ከልላ። የራሷ ይቀዘቅዛል፤ መረቁ ነጭ ስብ ይሠራበታል፤ እሱን ትበላለች። አንድ ቀን አይቻት ክብደቷ እንደቀነሰ ነገርኳት። ምግቡ ሳሙና ሳሙና እንደሚላት ተናገረች።

ባለፈው ዓርብ ዓሣ ነበር። አዳራሹ እንደተለመደው ዘይትና የመዋኛ መድኃኒት ይሸታል። ኮሪን የምትቀመጥበት ጠረጴዛ ቅርብ ነው፤ አሁን ቦታዋን አግኝታለች፤ አጠገቧ ባሉት ሴቶች ቀልድ ከሁሉም ቀድማ የምትስቀው እሷ ናት። ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ መብራት በርቷል።

ማርሊስ ዓሣዋን ቀመሰችና ሹካዋን አስቀመጠች። ወደ ቨርሊን ዞረች። «ዱዌይን» አለችው፣ ጮክ ብላ፣ እንደ ቤቷ፤ «ጨው አቀብለኝ እስቲ።»

የጎረቤት ጠረጴዛ ሹካዎች ቆሙ። ኮሪን ዞራ አየች።

ቨርሊን ጠረጴዛውን ቃኘ። «እንግዲህ» አለና ቁንዶ በርበሬውን አቀበላት።

አርዲስ ሳቀች። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ያ ሁሉ ጠረጴዛ እንዲሰማት አድርጋ ሳቀች። «ባሌን ከቀማሽኝ አይቀር ልብሱንም እጠቢለት እንግዲህ» አለቻት። የጎረቤት ጠረጴዛ ፈነዳ፤ ኮሪን ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች፤ ማርሊስም ሁሉም ሲስቁ አይታ ሳቀች። ቨርሊን «ከዚህ የባሰም አለ» አለ።

የመጀመሪያው ጊዜ ነበርና ተሳቀ። አርዲስ ሳቋን ሳታቋርጥ ጨውን ከቨርሊን ክንድ ሥር አንስታ የማርሊስ ዓሣ ላይ ነሰነሰችላት፤ ከዚያ ቢላዋዋን አነሳችና የሁለቱንም መቁረጥ ቀጠለች።